ያውቁ ኖሯል? ስልክ፣ ኢንተርኔትና ስኪዞፍሬኒያ፤ ከሐረር እስከ ባሕር ማዶ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◆ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ረጅም የስልክና የቴሌግራፍ መስመር መነሻ ሐረር መሆኗን ያውቁ ኖሯል? ራስ መኰንን ሐረርን በሚያስተዳድሩበት በ1890ዎቹ የተዘረጋው ሽቦ አዲስ አበባ እስኪደርስ 477 ኪሎ ሜትር ፈጅቷል። ስልክ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ ካህናቱ ባለቤቱ የማይታይ ድምፅ ሰምተው የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙ ይነገራል። ዛሬ ስልክ በየኪሱ ነው። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰውም እንደማንኛችንም ካርድ ይሞላል፣ ዳታ ይገዛል፣ ቴሌግራም ይከፍታል። የዛሬው ዓምዳችን ስለ እሱ፣ ስለ እሷና ስለ ስልካቸው ነው።

◆ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንዳለው፣ ከስኪዞፍሬኒያ ጋር፣ ማለትም የሌለ ድምፅ ከሚያሰማና የተሳሳተ እምነት ከሚያሳድር የአእምሮ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች 24 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ከ300 ሰው አንዱ ገደማ መሆኑ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ ልጅ የራሱን ስልክ ይዞ፣ ቲክቶክ ከፍቶ፣ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ በሚገባበት ጊዜ። ለዚህም ነው ብዙ እናቶች «ልጄን ያሳበደው ይኼ ስልክ ነው» የሚሉት። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ስለመጡ ነው እንጂ ስልክ ስኪዞፍሬኒያን እንደሚያመጣ የታወቀ ነገር የለም። ሕመሙ ስልክም ሬዲዮም ሳይፈጠር ነበረ። ከእሱ ጋር ተያይዘው የሚነሱት የቤተሰብ ዘር፣ የአንጎል ዕድገት፣ በልጅነት የደረሰ መከራ፣ ስደት፣ ካናቢስና የመሳሰሉት ናቸው።

◆ ጄምስ ቲሊ ማቲውስ በለንደን የሻይ ነጋዴ ነበር። ቤትለም በሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሳለ፣ ክፉ ሰዎች ከሕንፃው አጠገብ ተደብቀው በአንድ የአየር ሽመና መኪና ሐሳቡን እንደሚቆጣጠሩት ያምን ነበር። የሆስፒታሉ ባልደረባ ጆን ሃስላም ታሪኩን በ1810 በመጽሐፍ አወጣው። በማሽን የመጠቃት እምነት በዝርዝር የተመዘገበበት ቀዳሚው ሰነድ ይህ እንደሆነ ይነገራል። በማቲውስ ዘመን የሽመና መኪና የመጨረሻው ሥልጣኔ ነበር። በ1919 ደግሞ ቪክቶር ታውስክ የተባለ የቪየና ሐኪም፣ ሕሙማን ከሩቅ ሆኖ ስለሚያዛቸው ማሽን የሚናገሩትን ሰብስቦ ጻፈ። በስሎቬኒያ ሊዩብሊያና የሚገኙ ተመራማሪዎች ከ1881 እስከ 2000 ድረስ ያሉ የሕሙማን መዛግብትን ሲያገላብጡ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከተስፋፉ ወዲህ የሕሙማኑ የተሳሳተ እምነት በመሣሪያዎች መሞላቱን አይተዋል። ፍርሃቱ ያው ነው፤ የሚለብሰው ልብስ ግን ከዘመን ዘመን ይለወጣል። ትናንት ሬዲዮ ነበር፣ ከዚያ ሳተላይት፣ አሁን ደግሞ ዋይፋይና የስልክ ካሜራ።

◆ በሐረር ጅብ ጂን ይበላል ተብሎ እንደሚታመን ያውቁ ኖሯል? ማርከስ ቤይንስ-ሮክ የተባለው አንትሮፖሎጂስት ከከተማዋ ጅቦች ጋር ከርሞ በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው ጽፎታል። የድሮዋን ከተማ በከበበው በጀጎል ግንብ ሥር ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ጅቡ ማታ በዚያ ገብቶ ቆሻሻውን ይለቅማል፤ እግረ መንገዱን ሰው የሚያስቸግረውን ጂን ያጸዳል ይባላል። አንድ ወጣት ብቻውን ማውራት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሰው መሸሽ ሲጀምር የሰፈር ሰው መጀመሪያ ጂን ቢያስብ እንግዲህ የሚገርም አይደለም። ዩኔስኮ በ2006 በዓለም ቅርስነት በመዘገበው ጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ስፍራዎች ይገኛሉ። ክርስቲያኑ ደግሞ ቁልቢ ገብርኤል ይሳላል፣ ጸበል ይጠመቃል። እኔ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለመንቀፍ አይደለም። ቤተሰብ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት የት የት እንደሚሄድ ሳያውቁ ስለ ቴክኖሎጂ ማውራት ከንቱ ልፋት ነው።

◆ አሁን ጂንና ስልክ በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። ቤተሰቡ ነደባው (የሐረሪ ቤት መደብ) ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። ልጁ ግን ሲም ካርዱን ነቅሎ ጥሏል፣ የስልኩን ካሜራ በፕላስተር ለጥፏል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ዜና የሚያነበው ሰው ስለ እሱ የተናገረ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ ይከራከራል፣ ወይ ስልኩን ይነጥቃል። ሁለቱም አይጠቅሙም። «ማንም አይከታተልህም፣ ዝም በል!» ማለት ልጁን ብቻውን ያስቀረዋል። «አዎ፣ ጠልፈውሃል» ማለትም ፍርሃቱን ያጸናል። የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት በመካከል ያለውን መንገድ ነው፦ «እንደፈራህ ይታየኛል፣ እኔ አጠገብህ ነኝ» ብሎ ፍርሃቱን መስማት፣ እንቅልፍና ምግብ መጠየቅ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መውሰድ።

ስልክ መንጠቁ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ቀስ በቀስ ከሰው ተራ ይወጣል። ጓደኛ ይሸሸዋል፣ ሥራ ይቀርበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ አይጠራም። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ስልኩ ነው። በስልኩ ከአጎቱ ልጅ ጋር ይጻጻፋል፣ ዘፈን ይሰማል፣ ኳስ ያያል፣ መንዙማ ወይም መዝሙር ያዳምጣል። ለብዙዎች የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ዘፈን መስማት ሌላውን ድምፅ ቀለል ያደርግላቸዋል፤ ይህም በሕክምናው ዓለም የታወቀ ዘዴ ነው። እና ያን ስልክ የነጠቀ ሰው ምን እንደነጠቀ ልብ ይበል። ስልኩ ራሱ ማስፈራሪያ ሆኖበት ለጥቂት ቀናት ይቀመጥልኝ ካለም ውሳኔው የእሱ ይሁን።

◆ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 ሥራ የጀመረው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከድሬዳዋ ነው። ሐረርና ሐረማያም ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች መካከል ነበሩ።

◆ በ2024 መጀመሪያ ላይ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ሰው 24.8 ሚሊዮን ያህል፣ ከሕዝቡ 19.4 በመቶ እንደነበር ዳታ ሪፖርታል የተባለው ተቋም ገምቷል። ከአምስቱ ሰው አራቱ ውጭ ነው ማለት ነው። የምናወራው ስለ አምስተኛው ብቻ እንዳይሆን!

◆ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ቴክኖሎጂ ይፈራሉ፣ ስልክ አይዙም የሚለው ግምት ስሕተት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ጆሴፍ ፈርዝና ባልደረቦቹ በ2016 ሳይኮሲስ (ስኪዞፍሬኒያንና መሰል ከእውነታ የሚነጥሉ ሕመሞች) ያለባቸውን ከ3,200 በላይ ሰዎች የሚመለከቱ ጥናቶችን አንድ ላይ አዩ። በአጠቃላይ ሞባይል የያዙት 66.4 በመቶ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት የወጡት ጥናቶች ብቻ ሲታዩ ግን ቁጥሩ 81.4 በመቶ ደረሰ። እነዚህ ጥናቶች ግን በአብዛኛው ከሀብታም አገሮች የመጡ ናቸው።

◆ ፎከስ የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ። ድሮር ቤን-ዜቭ አሜሪካ ውስጥ ከሕሙማኑ ጋር ሆኖ የሠራው ነው። መድኃኒትን፣ ስሜትን፣ እንቅልፍን፣ ማኅበራዊ ኑሮንና ድምፅ መስማትን ይመለከታል። በ2014 በታተመው ሙከራ 33 ሰዎች ለአንድ ወር ተጠቀሙበት። ከቀናቱ 86.5 በመቶ በሚሆኑት ከፍተውታል፤ በከፈቱበት ቀንም በአማካይ 5 ጊዜ ያህል። ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ ጭነን የረሳናቸውን መተግበሪያዎች ስናስብ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው።

◆ ወደ አገራችን እንመለስ። በቡታጅራ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ጥናት በዓለም ላይ በዓይነቱ ከታወቁት አንዱ ነው። እነ ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለምና ተሾመ ሽብሬ የተሳተፉበት ቡድን ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞረ አየ። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 321 ሰዎች ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ከዚያ በፊት የሳይኮሲስ መድኃኒት ያገኙት ከአሥር አንዱ ገደማ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ የከፋውን በ2015 አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቹ አወጡት። ስኪዞፍሬኒያን ጨምሮ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው፣ 121ዱ ሞተዋል። ይህ በአካባቢው ከሚጠበቀው ሞት እጥፍ ነው። የሞቱት ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ያህል አጥሮ ነው። ግማሽ ያህሉን የገደለው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው፤ ማለትም ብዙ ጊዜ ጤና ጣቢያ ቢደርሱ ሊታከም የሚችል ነገር። ይህን ቁጥር ሳነብ አንጀቴን የሚበላኝ እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው ትኩሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ ያለው ሰው «ያው እብደቱ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንድ የስልክ ጥሪ የሚያድነው ሰው ነበር።

◆ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኘው ሐረማያ ሳይሆን ሐረር ከተማ ውስጥ ነው። ሕይወት ፋና ሆስፒታል ማስተማሪያው ነው፤ የአእምሮ ሕክምናም ይሰጥበታል። ከምሥራቅ ሐረርጌና ከሶማሌ ክልል ጭምር ታማሚ ይመጣበታል። ቀድሞ ግን ለአእምሮ ሕመም ብቻ የተቋቋመው የአገሪቱ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር። ከሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ታማሚ ይዞ ያን መንገድ በአውቶቡስ የሄደ ያውቀዋል።

◆ እስካሁን ካነበብኳቸው ሁሉ ለሐረር ይበጃል የምለው ከቻይና የመጣውን ነው። ሁናን ግዛት ውስጥ ሊዩያንግ በምትባል አካባቢ 278 ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው የገጠር ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የተለመደውን ነፃ መድኃኒት ብቻ ያገኛል። ለሁለተኛው ወገን ከመድኃኒቱ ሌላ ሁለት ነገር ተጨመረለት። አንዱ መድኃኒት የሚያስታውስና ስለ ሕመሙ የሚያስረዳ ተራ የጽሑፍ መልእክት ነው፤ ዳታ የማይፈልግ፣ በማንኛውም ስልክ የሚነበብ። ሌላው ሰው ነው፦ ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት አንድ ሰው ተመርጦ መልእክቱ ለእሱም ይደርሰዋል። መድኃኒት መወሰዱን ያያል፣ ሕመሙ ሊያገረሽ ሲል ምልክቱን ያስተውላል፣ ለመንደሩ ሐኪም ያሳውቃል።

ውጤቱ በ2019 ታተመ። መድኃኒትን በአግባቡ መውሰድ መድኃኒት ብቻ ባገኘው ወገን 48 በመቶ፣ በመልእክቱ ወገን 61 በመቶ ነበር። ሕመሙ ያገረሸባቸው ከመልእክቱ ወገን 21.7 በመቶ፣ ከሌላው ወገን 42.3 በመቶ ናቸው። እንደገና ሆስፒታል የተኙት 7.3 በመቶ በ20.5 በመቶ። ተራ የጽሑፍ መልእክትና አንድ ጎረቤት!

ይህን ሳነብ አፎቻን አሰብኩ። አፎቻ ሐረሪዎች ለሠርግና ለሐዘን የሚተጋገዙበት ማኅበር ነው። የወንዶችም የሴቶችም አለ፤ ከአባላቱ ውስጥ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደታመመ ይታወቃል። ለክርስቲያኑ ዕድር አለ። በየቀበሌው ደግሞ ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ በብዙ ቦታ አሁን መዝገባቸውን በታብሌት ይይዛሉ። ሊዩያንግ ውስጥ በጥናት ገንዘብ የተፈለገው «አንድ ሰው» ሐረር ውስጥ ተሰልፎ ይገኛል። የጎደለው ይህን ሰውና ታማሚውን የሚያገናኝ መልእክት ነው፤ እሱም በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማልኛ።

ሌላው ምስክር እዚሁ አገር የተገኘ ነው። በ2022 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጡ ሁለት የኢትዮጵያ ጥናቶች አሉ። አንደኛው፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ለጽኑ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክትትል በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ሁለተኛው ደግሞ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 166 ሰዎችን የያዘ ነው፤ የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ቤታቸው እየሄዱ ሲደግፏቸው የዕለት ተዕለት ኑሯቸው ከሕክምና ብቻ ይበልጥ ተሻሽሏል።

◆ በ2020 ሰኔ መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። በዳታ ብቻ የሚሠራ ማንኛውም የሕክምና ክትትል በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀጥ ይላል። ለታማሚ የሚዘጋጅ ነገር በተራ ጥሪና በጽሑፍ መልእክትም እንዲሠራ ሆኖ ቢጀመር ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

◆ ስለ ሐረር ተጽፎ ጫት ሳይነሳ አይቀርም። አወዳይ ቅርብ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ሲሆን አንጎል ውስጥ ዶፓሚንን ይጨምራል። የሳይኮሲስ መድኃኒቶች በአብዛኛው የሚሠሩት ደግሞ ዶፓሚንን በመገደብ ነው። አንዱ የሚገፋውን ሌላው ይይዛል ማለት ነው። ሚካኤል ኦደንዋልድና ባልደረቦቹ በ2005 ከሀርጌሳ ባወጡት ጥናት፣ በልጅነት መጀመርና አብዝቶ መቃም ከሳይኮሲስ ምልክቶች ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ይህ ማለት የሚቅም ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም።

ሕሙማኑ ራሳቸው ለምን ይቅማሉ? ሰለሞን ተፈራና ባልደረቦቹ በ2011 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያ ታማሚዎችንና አስታማሚዎችን ጠይቀዋል። የተሰጡት ምክንያቶች የጓደኛ ግፊት፣ ደስታ ፍለጋ፣ ሠርቶ ለመዋል ጉልበት ማግኘት፣ እንዲሁም የመድኃኒቱን ድካምና ድብርት ማስታገስ ነበሩ። የመጨረሻውን ደግመው ያንብቡት። መድኃኒቱ ከከበደው መጠኑ እንዲስተካከልለት ለሐኪሙ ይነገር፤ ባለመነገሩ ምክንያት ጫት ሊቅም በርጫ የሚሄድ ሰው አለ።

ስልክ እዚህ ውስጥ የሚገባው በሌሊት ነው። ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ አይመጣም። ስልኩ ያበራል፣ ቪዲዮ ቪዲዮን ይጎትታል፣ ጎህ ይቀዳል። ጥቂት ተኝቶ በዱካክ ይነቃል። የእንቅልፍ መዛባት የሕመሙን ማገርሸት ከሚጠቁሙ ቀዳሚ ምልክቶች አንዱ ነው። ስለዚህ «ስልክ አትያዝ» ከማለት ይልቅ «ስልኩ ማታ ሳሎን ይደር» ማለቱ ይሻላል፤ የሁሉም የቤተሰቡ አባል ስልክ አብሮ ካደረ ደግሞ ማንም እንደተቀጣ አይሰማውም።

◆ ስልክ፣ ሰው ሳያውቀው፣ ሕመም ሊያገረሽ መሆኑን ሊጠቁም ይችል ይሆን? በ2018 ከሃርቫርድ የወጣ አነስተኛ ጥናት 17 ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎችን ፈቃዳቸውን ጠይቆ በስልካቸው ተከታተለ። የሚነበበው የሚጽፉት አልነበረም፤ ምን ያህል ከቤት እንደሚወጡ፣ ምን ያህል እንደሚደውሉ ነው። አምስቱ አገረሸባቸው። ከማገርሸቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ያልተለመደ እንቅስቃሴ ከሌላው ጊዜ በ71 በመቶ በልጦ ተገኘ። ናሙናው ትንሽ ነው፣ ገና ብዙ ይቀረዋል።

እናት ግን ይህን ያለ መሣሪያ ታውቀዋለች። ልጇ ቡና ላይ መቀመጥ ሲተው፣ ማታ ደጁን ሲመላለስ ሲያድር።

◆ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኅዳር 2017 ውስጡ አነፍናፊ መሣሪያ ያለበትን የመጀመሪያ ክኒን ፈቀደ። አቢሊፋይ ማይሳይት ይባላል። ክኒኑ ሆድ ሲገባ ገላ ላይ ለተለጠፈ ፕላስተር ምልክት ይሰጣል፣ ፕላስተሩ ለስልክ። ከታሰበላቸው ሕመሞች አንዱ ስኪዞፍሬኒያ ነው። ሰውነቴ ውስጥ መሣሪያ ቀብረዋል ብሎ ለሚሰቃይ ሰው እውነተኛ መሣሪያ ማስዋጥ! አነፍናፊውን የሠራው ፕሮቲየስ በ2020 ከስሯል። በጥሪ ወይም በጉብኝት የሚገኘውን መተማመን በክኒን ለመተካት መሞከር ከመጀመሪያውም የተሳሳተ መንገድ ይመስለኛል።

◆ ከዚህ በተቃራኒ ልብ የሚያሞቀው የአቫታር ሕክምና ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጁልያን ሌፍ የጀመረው ነው። ታማሚው የሚሰማው ድምፅ ፊት ቢኖረው ምን ይመስል እንደነበር በኮምፒውተር ይሠራል። ሐኪሙ በዚያ ፊትና በዚያ ድምፅ ይናገራል፤ ታማሚው ይመልስለታል፣ ይቆጣዋል፣ በቃህ ይለዋል። ከሳምንት ወደ ሳምንት አቫታሩ እየለዘበ፣ ታማሚው እየበረታ ይሄዳል። በ2018 በታተመ፣ 150 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ በ12ኛው ሳምንት የድምፁ ጫና ለማነጻጸሪያ ምክር ከተሰጣቸው ሰዎች ይበልጥ ቀንሷል። በ24ኛው ሳምንት ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። በ2024 ደግሞ 345 ሰዎች የተሳተፉበት ሰፊ ሙከራ ታትሟል።

◆ የሚሰማው ድምፅ እንደ አገሩ ይለያያል። ታንያ ሉርማን በካሊፎርኒያ፣ በአክራና በቼናይ ከየቦታው 20 ሰዎችን አነጋግራ በ2015 እንዳወጣችው፣ አሜሪካውያኑ የሚሰሙት ድምፅ በብዛት የሚያስፈራራና የሚሳደብ ነበር። በአክራ ብዙዎች የእግዚአብሔርን፣ በቼናይ ደግሞ የዘመድን ድምፅ ይሰሙ ነበር። በአንድ አገር ለተሠራ አቫታር ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው።

◆ በጋና የጸሎት ስፍራዎች ታማሚዎችን በሰንሰለት የማሰር ልማድ አለ። በ2018 የታተመ ጥናት በአንድ ጸሎት ቦታ ያሉ 139 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን ከጸሎቱ ጋር መድኃኒት ሰጠ። ምልክቱ ቀነሰ፤ በሰንሰለት የሚያድሩበት ቀን ግን አልቀነሰም። መድኃኒት ብቻውን የሰው አስተያየት አይለውጥም። እነ ቤን-ዜቭ ኋላ ላይ ኤም-ሂለር የተባለ የስልክ መተግበሪያ ለፈዋሾቹ ራሳቸው ሠሩ፦ ማንበብ የማይችልም እንዲጠቀምበት በሥዕልና በድምፅ የሚያስተምር፣ ሰውን ሳያስሩ ማረጋጋት የሚያሳይ። በእኛም አገር ሼኩን፣ ባሕታዊውንና የጸበል አስተናባሪውን ያላሳተፈ ሥራ ግማሽ መንገድ ላይ እንደሚቀር አምናለሁ።

◆ ሶረን ኦስተርጋርድ የተባለ የዴንማርክ ሳይካትሪስት በ2023 አንድ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ከሰው ጋር የሚያወሩ ፕሮግራሞች ለሳይኮሲስ በተጋለጠ ሰው ላይ የተሳሳተ እምነትን ሊያባብሱ ይችላሉ አለ። ፕሮግራሙ እንደ ሰው ያወራል፣ አይሰለችም፣ ብዙ ጊዜም የጠያቂውን ሐሳብ ተቀብሎ ይቀጥላል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ «ጎረቤቶቼ እየተነጋገሩብኝ ነው» ለሚል ሰው የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ተስማሚ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ታሪኮች ከየአገሩ ሲሰሙ ቆይተዋል።

◆ መንገድ ላይ ራሱን የሳተ ሰው በስልክ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ እየተለመደ ነው። ሳቅ ይበዛል፣ ላይክ ይበዛል። ያ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ድኖ ሥራ ሊፈልግ ይችላል፤ ቪዲዮው ግን እዚያው ነው፣ አሠሪው ያየዋል፣ የእጮኛው ቤተሰብ ያየዋል። በ2024 የወጣው የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ውስጥ አስገብቶታል። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል፤ በአንቀጽ 9ም ኢንተርኔትን ጨምሮ አዳዲስ የመገናኛ ቴክኖሎጂን ማግኘት እንዲስፋፋ መንግሥታትን ያዛል። ታማሚው ቴክኖሎጂን መጠቀሙ መብቱ ነው ማለት ነው።

◆ ቶሮንቶ ብዙ ሐረሪዎች የሚኖሩባት ከተማ ናት። በ2015 በካናዳ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በኦንታሪዮ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ስደተኞች በሳይኮሲስ የመያዝ መጠናቸው ከጠቅላላው ሕዝብ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስደት ራሱ ያቆስላል። እዚያ የታመመ ልጅ እናቱ ሐረር ናት፤ የሚነጋገሩት በዋትሳፕ ነው። ለሐኪሙ ያልነገረውን በቋንቋው ለእሷ ይነግራታል። «እማ፣ ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨምራሉ» ብሎ በድምፅ መልእክት ከላከላት፣ እሷ ልጇ ባለበት አገር ላለ ዘመድ ዛሬውኑ ትደውል።

◆ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ጉግል ትርጉም አማርኛን በ2016፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን በ2022 ጨመረ። ለአእምሮ ጤና የተሠሩት መተግበሪያዎች ግን አሁንም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። ማንበብ ለማይችል ወይም በሕመሙ ሰሞን ጽሑፍ ለሚደበላለቅበት ሰው የቴሌግራም ድምፅ መልእክት ከሁሉም ይቀለዋል።

◆ የመጨረሻው ዛሬውኑ የሚሠራ ነው። አንድ ዓይነት መድኃኒት በተለያዩ ፋብሪካዎች ሲሠራ የክኒኑ ቀለምና ቅርጽ ይለያያል። ፋርማሲ ሄዶ «ነጩን ክኒን» ማለት ሌላ ነገር ይዞ መመለስ ነው። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ስሙና ሚሊግራሙ እንዲታይ አድርገው በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ በታማሚውም በአስታማሚውም ስልክ ላይ ይቀመጥ። በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ ከሆነ ቀጣዩን ቀን የስልኩ ማንቂያ ላይ ይሙሉት። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ከሐረር ወጥቶ ድሬዳዋ ወይም ጅጅጋ ሳለ ያለቀበት ሰው ያንን ፎቶ አሳይቶ ከባለሙያ ጋር ይነጋገርበታል።